መኪናችሁን ለዓመታዊ ምርመራ እንዴት ታዘጋጃላችሁ? ከወረቀቱ እስከ ጎማው

"ምርመራዬ ደርሷል፤ ምን ላዘጋጅ?" የሚለውን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አላስታውስም። አንዳንዱ ሰው የሚደውልልኝ ምርመራው በር ላይ ተሰልፎ ነው። እዚያ ከተደረሰ በኋላ ግን ላግዝ የምችለው ነገር ትንሽ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ባንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

አንድ መኪና በሕግ ፊት መንገድ ላይ ለመውጣት አራት ነገር ይፈልጋል። ለዚያ መኪና ዓይነት የሚሆንና ጊዜው ያላለፈ መንጃ ፈቃድ፣ በትክክለኛው ባለቤት ስም የተመዘገበ ሊብሬ (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር)፣ ቢያንስ የሦስተኛ ወገን መድን፣ እና የቴክኒክ ብቃት። አንዱ ከጎደለ የሦስቱ መሟላት አያድናችሁም። ዝርዝሩ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ እዚህ የምጽፋቸውን ልኮች ከምትነዱበት አገር ደንብ ጋር አስተያዩ። የአሠራሩ ቅደም ተከተል ግን የትም ቢሆን ያው ነው።

ከምርመራው ቀን ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። የተቃጠለ አምፖል በአምስት ደቂቃ ይቀየራል። ሊብሬ ላይ የተገኘ የቁጥር ስህተት ግን ቢሮ ያመላልሳል።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የመድን ውል፣ ያለፈው ዓመት የምርመራ ወረቀት (ሁሉም ዋናው)
- የእጅ ባትሪ እና ጨርቅ
- የጎማ ንፋስ መለኪያ
- የጎማ ጥርስ መለኪያ (ከሌለ ትንሽ ማስመሪያ ይበቃል)
- ክሪክ፣ ጎማ መፍቻ እና መኪናውን የሚደግፍ ጠንካራ ማቆሚያ
- ጎማ ማገጃ (ታኮ)
- ሰፊ ካርቶን
- ወረቀት እና እስክሪብቶ
- ለአሥር ደቂቃ የሚረዳችሁ አንድ ሰው

ረዳቱን አትናቁት። ፍሬን እየረገጡ የፍሬን መብራት ማየት አይቻልም።

ከመጀመራችሁ በፊት ተጠንቀቁ

በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር በፍጹም አትግቡ። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመደገፍ አልተሠራም፤ ሊንሸራተት ይችላል። መኪናው ደረቅና ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ የማይነሳው ጎማ በታኮ ይታገድ።

በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አታስነሱ። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

ሞተሩ ሞቆ ሳለ የራዲያተር ክዳን አትክፈቱ። ውስጡ ያለው ውሃ በግፊት ላይ ስለሆነ ፊት ላይ ይፈነዳል።

1. ወረቀቱን ከብረቱ ጋር አመሳክሩ

ብዙ ሰው ወረቀቶቹን በፕላስቲክ ከትቶ "አለኝ" ብሎ ያልፋል። መኖሩ ብቻ አይበቃም። ሊብሬውን ይዛችሁ ወደ መኪናው ሂዱና ቁጥር በቁጥር አስተያዩ፦ የሰሌዳ ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር (የመኪናው አካል መለያ)፣ የሞተር ቁጥር፣ ቀለም። መርማሪው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቁጥሩ ካልገጠመ መኪናው የተሰረቀ ወይም አካሉ የተለወጠ ሊሆን ይችላል ብሎ የመጠርጠር ግዴታ አለበት።

የሻንሲ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከፊት መስታወት ታችኛው ጥግ፣ ከሾፌሩ በር ምሰሶ ወይም ከኮፈኑ ሥር ብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። አቧራውን በጨርቅ ጠርጉና በባትሪ ከጎን አብሩበት፤ ብርሃኑ በአግድም ሲያርፍ የተቀረጸው ፊደል ጥላ ስለሚኖረው ይነበባል። ከ1981 ወዲህ በፈረንጅ አቆጣጠር በተሠሩ አብዛኞቹ መኪኖች ላይ ይህ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ ነው። በውስጡ የላቲኑ አይ፣ ኦ እና ኪው አይገቡም። የተተዉትም ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ነው። ስለዚህ ሊብሬያችሁ ላይ ባለ 17 ቁጥር ውስጥ ኦ ካያችሁ፣ ጸሐፊው ዜሮውን ፊደል አድርጎታል ማለት ነው። አስተካክሉት። ጃፓን ለራሷ ገበያ የሠራቻቸው መኪኖች ግን ቁጥራቸው አጭር ነው፤ መሐሉ ላይ ሰረዝ አለው። እሱ ስህተት ስላልሆነ አትደንግጡ።

ቀጥሎ ስሙን እዩ። መኪናውን ገዝታችሁ ስም ካላዞራችሁ ምርመራውን አትጠብቁ፤ አሁኑኑ አዙሩ። ሻጭም ብትሆኑ ያው ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ መኪና ሸጬ፣ ገዥው "ሰሞኑን አዞራለሁ" ሲለኝ እሺ ብዬ ተለያየን። ከወራት በኋላ እኔ በማላውቀው ቦታ፣ በማላውቀው ሰዓት የተጻፈ ቅጣት በስሜ መጣ። መዝገቡ የሚያውቀው እኔን ነበር። ያንን ለማስረዳት የጨረስኩት ጊዜ ስም ለማዞር ከሚፈጀው በብዙ ይበልጣል።

መንጃ ፈቃዱ ላይ ሦስት ነገር ፈትሹ፦ የሚያበቃበት ቀን፣ የፈቃዱ ምድብ እና ገደብ። መነጽር አድርጎ መንዳት እንደ ግዴታ ከተጻፈባችሁ፣ ያለ መነጽር መንዳት የፈቃዱን ገደብ መጣስ ነው። ወደ ሌላ አገር የምትነዱ ከሆነ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይሠራም። እሱ የዋናው ትርጉም ነው፤ ዋናውን አብራችሁ ያዙ።

2. መድኑን አንብቡት

የሦስተኛ ወገን መድን እናንተ በሌላ ሰው አካል ወይም ንብረት ላይ ለምታደርሱት ጉዳት ነው። የራሳችሁን መኪና አያሠራም። ይህን ከግጭት በኋላ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው።

ውሉ ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው የሚያበቃበት ቀን ነው። ምርመራው ቀን ላይ የጸና ሆኖ በማግስቱ የሚያበቃ ከሆነ ቀድማችሁ አድሱ። ሁለተኛው የአገልግሎት ዓይነት ነው። "ለግል አገልግሎት" ተብሎ የተገባ መድን ይዛችሁ በክፍያ ሰው ወይም ዕቃ የምታመላልሱ ከሆነ፣ አደጋ ሲደርስ መድን ሰጪው ክፍያውን ሊከለክል ወይም ከፍሎ ከእናንተ ሊጠይቅ ይችላል። ሥራችሁ ከተለወጠ ውሉም ይለወጥ።

3. ጎማዎቹን አንድ በአንድ እዩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። መኪናውን ከመሬት ጋር የሚያገናኙት እነዚህ አራት መዳፍ የሚያህሉ ቦታዎች ብቻ ናቸው።

በብዙ አገር የጎማ ጥርስ ዝቅተኛው ሕጋዊ ጥልቀት 1.6 ሚሊሜትር ነው። ጎማው ራሱ ይህን ይነግራችኋል። በጥርሶቹ መሐል ባለው ቦይ ውስጥ ጣታችሁን ስታስኬዱ ትናንሽ ድልድይ መሰል እብጠቶች ያጋጥሟችኋል። የጎማው የላይ ገጽ ከእነሱ እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። እኔ ግን 3 ሚሊሜትር ሲደርስ እንድትቀይሩ እመክራለሁ። ቦዩ ሥራው ውሃ ማስወጣት ነው፤ ጥልቀቱ ሲቀንስ ጎማው ዝናብ ላይ ውሃውን መግፋት ያቅተውና መኪናው ይንሳፈፋል። ያኔ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም።

አበላላቱንም አንብቡ። ሁለቱም ጠርዝ ተበልቶ መሐሉ ከቀረ ጎማው በአነስተኛ ንፋስ ሲሄድ ነበር። መሐሉ ብቻ ከተበላ ንፋሱ በዝቷል። አንድ ጠርዝ ብቻ ከተበላ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ያስፈልገዋል። ጎማ ከመቀየራችሁ በፊት መንስኤውን ካላስተካከላችሁ አዲሱም በዚያው መንገድ ያልቃል።

ዕድሜውን ደግሞ ከጎኑ ፈልጉ። ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ተከትሎ መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 በፈረንጅ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ብዙ አይቻለሁ። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። ጎኑ ያበጠ፣ የተቆረጠ ወይም ክሩ የታየ ጎማ ጎሚስታ ሊጠግነው አይችልም፤ ይቀየራል።

ንፋሱን ጠዋት መኪናው ሳይነዳ ለኩ። ከተነዳ በኋላ አየሩ ስለሚሞቅ ልኩ ከፍ ብሎ ያታልላል። ትክክለኛው ልክ ብዙ ጊዜ ሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተለጥፏል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ነው፤ እሱን አትሙሉ። ስኮርታውንም አትርሱ።

4. ፍሬኑን ቆማችሁ ፈትሹ

ሞተሩን አጥፉ። የፍሬን ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፤ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ይጠነክራል። እግራችሁን ሳታነሱ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ የፍሬን አጋዡ (ሰርቮው) ይሠራል። ካልተንቀሳቀሰ ችግር አለ።

አሁን ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን አጥብቃችሁ ለ30 ሰከንድ ያዙት። ቀስ እያለ ወደ ወለሉ የሚሰምጥ ከሆነ ዘይት የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው። እንደ ስፖንጅ የሚለሳለስ ከሆነ አየር ገብቶበታል። በሁለቱም ሁኔታ መኪናውን ወደ ምርመራ አትንዱት፤ ተጎትቶ ወይም መካኒኩ መጥቶ ይሠራ።

ከዚያ የፍሬን ዘይቱን ማጠራቀሚያ እዩ። ከዝቅተኛው ምልክት በታች ከሆነ ዝም ብላችሁ አትጨምሩ። የፍሬኑ ሸራ (ጎማውን ለማቆም የሚፋተገው ክፍል) ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ጎማዎቹ ስለሚወርድ ደረጃው ይቀንሳል። ማለትም የጎደለው ዘይት ሸራው ማለቁን እየነገራችሁ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሸራው ይታይ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት ሲገባው በቀላሉ ይፈላል፤ የፈላ ዘይት ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል። ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚሉት ለዚህ ነው። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ይበላል፤ ወዲያው በውሃ እጠቡት።

የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ዳገት ላይ ሞክሩት። ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ፣ እግራችሁ ፔዳሉ አጠገብ ተዘጋጅቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ብቻውን ይያዝ። ከሸሸ ይጠበቅ ወይም ገመዱ ይቀየር።

5. መሪውንና የፊት እግሩን አነቃንቁ

ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሞተሩ እየሠራ መሪውን በትንሹ ግራና ቀኝ አድርጉ። ረዳታችሁ ጎማውን ይመልከት። መሪው ሄዶ ጎማው የማይከተል ከሆነ ልቅነት አለ።

አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሱ፤ ማቆሚያውንም ከሥር አስገቡ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተጫወተ ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ወይም የፊት እግሩ መጋጠሚያ (ቦል ጆይንት) ነው። ግራና ቀኙን ይዛችሁ ስትነቀንቁ ብቻ ከተጫወተ የመሪ ዘንጉ ጫፍ ነው። የቱ እንደሆነ ጻፉት። ጋራዥ ስትገቡ "የፊት እግሩ ይንቀሳቀሳል" ከማለት "የቀኙ፣ ከላይና ከታች ሲያዝ" ብትሉ ያልተበላሸ ዕቃ አይቀየርባችሁም።

6. መብራት፣ ክላክስ፣ መስታወት

ረዳቱን ከኋላ አቁሙና በየተራ አብሩ፦ አጭር፣ ረጅም፣ ፓርኪንግ፣ ፍሬቻ በአራቱም ጥግ፣ የፍሬን መብራት፣ የኋላ ማርሽ፣ የሰሌዳ መብራት። ሰው የሚረሳው የሰሌዳ መብራትን ነው። ፍሬቻው ከወትሮው በፍጥነት ቶሎ ቶሎ የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ በዚያ ጎን አንድ አምፖል ሞቷል ማለት ነው።

ሃሎጂን አምፖል ስትቀይሩ መስታወቱን በጣት አትንኩ። የእጅ ቅባት ያረፈበት ቦታ ከሌላው ይበልጥ ስለሚሞቅ አምፖሉ ቶሎ ይቃጠላል። በጨርቅ ያዙት። ለሃሎጂን በተሠራ ፋና ውስጥ ኤልኢዲ የከተታችሁ ደግሞ መልሱት። አንጸባራቂው ለዚያ ብርሃን ስላልተለካ ብርሃኑ ተበትኖ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል። በብዙ አገር በዚህ ብቻ ከምርመራ ይወድቃል።

የፊት መስታወት ላይ ስንጥቅ ካለ ቦታው ይወስናል። ከሾፌሩ ዓይን ፊት ለፊት ከሆነ አያልፍም፤ ጥግ ላይ ያለ ትንሽ ጠጠር ምት ግን ሳይሰፋ በፍጥነት ከተያዘ ሊጠገን ይችላል። ስፖኪዮዎቹ ሙሉ ይሁኑ። የዝናብ መጥረጊያው ላስቲክ መስመር እየተወ ከሆነ ቀይሩት። የዳር መስታወት ላይ የተለጠፈ ጥቁር ፕላስቲክ ካለ የአገራችሁን ልክ አረጋግጡ።

7. ቀበቶና የዳሽቦርድ መብራቶች

እያንዳንዱን ቀበቶ በድንገት ሳቡት፤ መቆለፍ አለበት። ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ደግሞ መልቀቅ አለበት። ጠርዙ የተተለተለ ቀበቶ በግጭት ጊዜ ስለሚበጠስ ይቀየራል። የኋላዎቹንም።

ቁልፉን ሞተር ሳታስነሱ አዙሩ። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው)፣ የኤርባግ፣ የሞተር ምልክቶች በርተው ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለባቸው። አንድ ምልክት ጭራሽ የማይበራ ከሆነም ችግር ነው። ምናልባት ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ስህተቱ እንዳይታይ አምፖሉን ነቅሎታል።

8. ፍሳሹንና ጭሱን ፈትሹ

ማታ ካርቶኑን ከሞተሩ ሥር አንጥፉ፤ ጠዋት እዩት። ጥቁር ወይም ቡናማ ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከሆነ ብዙ ጊዜ የራዲያተር ማቀዝቀዣ ነው። ከጎማ አጠገብ የጠራ ቅባት ካለ የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል ሳትነዱ አሠሩት። አየር ማቀዝቀዣ ሠርቶ ካደረ ንጹሕ ውሃ ቢያንጠባጥብ ችግር የለውም።

ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በዝቷል ወይም አየር ማጣሪያው ታፍኗል፤ ማጣሪያውን መጀመሪያ እዩት፤ ርካሹና ቀላሉ እሱ ነው። ሞተሩ ሞቆም ነጭ ጭስ ካላቆመና ራዲያተሩ ውሃ ከቀነሰ የቴስታ ጋስኬት (በሞተሩ ራስና አካል መሐል ያለው ማሸጊያ) ይታይ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ተበስቶ ከሆነ ድምፁ ይነግራችኋል።

9. በምርመራው ቀን

ከመግባታችሁ በፊት 20 ደቂቃ ያህል ንዱት። ጭስ የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ሳይሞቅ አይሠራም፤ ደህናው መኪና ከሰፈር ወጥቶ ቀዝቃዛ ሆኖ ከገባ ሊወድቅ ይችላል። ሰሌዳውን ከጭቃ ጥረጉ። ዕቃ መጫኛውን ባዶ አድርጉ። የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን እና እሳት ማጥፊያ አገራችሁ ከጠየቀ በቀላሉ የሚወጡበት ቦታ አስቀምጧቸው፤ የእሳት ማጥፊያው መርፌ አረንጓዴው ላይ ይሁን።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- *ለአንድ ቀን ጎማ ወይም እሳት ማጥፊያ መዋስ።* ምርመራው ያልፋል፤ መኪናው ግን በማግስቱ በአሮጌው ጎማ ዝናብ ላይ ይወጣል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።
- *የሞተር ምልክቱን በማሽን አጥፍቶ ወዲያው መሄድ።* የመኪናው ኮምፒውተር ራሱን ፈትሾ ለመጨረስ ብዙ ኪሎሜትር መነዳት ይፈልጋል። ኮምፒውተሩን በሚያነቡበት ማዕከል "ዝግጁ አይደለም" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። ብልሽቱ ካልተሠራም ምልክቱ ተመልሶ ይበራል።
- *ሞተሩን በከፍተኛ ግፊት ውሃ በዋዜማው ማጠብ።* ውሃ ኤሌክትሪክ መስመር ውስጥ ገብቶ መኪናው ጠዋት አይነሳም።
- *ኮፒ ብቻ ይዞ መሄድ።* ቁጥር የሚመሳከረው ከዋናው ነው።
- *በመጨረሻው ቀን መሄድ።* ከወደቃችሁ ለመጠገኛ የሚቀር ቀን የላችሁም፤ በማግስቱ መኪናው ከሕግ ውጭ ነው።

10. ከወደቃችሁ፣ ከዚያም ካለፋችሁ

ከወደቃችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል የተነገራችሁን ይዛችሁ ጋራዥ ከሄዳችሁ ግማሹ ይረሳል። ለድጋሚ ምርመራ ስንት ቀን እንዳላችሁና በዚያ መሐል መኪናውን መንዳት ይፈቀድላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዱ ጉድለት፣ በተለይ የፍሬንና የመሪ፣ መኪናውን እዚያው ያስቆመዋል። የጥገና ደረሰኙን አስቀምጡ።

ካለፋችሁ ቦሎውን ወይም የተሰጣችሁን ምልክት በተባለው ቦታ ዕለቱን ለጥፉ። ሊብሬውን፣ መድኑን፣ መንጃ ፈቃዱንና የምርመራ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ዋናው ቢጠፋ ምትክ ለማውጣት ቁጥሮቹ ያስፈልጓችኋል። ከዚያ ስልካችሁ ላይ ሦስት ማስታወሻ ሙሉ፦ መድኑ፣ መንጃ ፈቃዱ እና ምርመራው የሚያበቁበት ቀን። እያንዳንዱ አንድ ወር ቀድሞ እንዲጮህ አድርጉት።